ገበያው ስንት ጊዜ ይነሣ? ከአራዳ እስከ ኃይሌ ጋርመንት

የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ጃንሜዳ ላይ ሕዝቡ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጥቶ ነበር። ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ ለወራት የአትክልት ገበያ ሆኖ ከርሟል። ክረምቱ አቡክቶታል። ጭቃውና የበሰበሰው አትክልት ካልተነሣ በዓሉን እዚያ ማክበር አይታሰብም ነበር። ገበያው ተነሣ፣ ሜዳው ተጸዳ፣ ታቦታቱም በሰዓታቸው ገቡ። ብዙ ሰው ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለው።

አላለቀም። ያ ገበያ ከጃንሜዳ ሲነሣ ዓመት ሳይሞላው ለሁለተኛ ጊዜ መነሣቱ ነበር። የቀደመው የአራዳ ገበያ ታሪክ ሲጨመርበት ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከገበሬ ማሳ የሚመጣውን ምግብ የምትገበያይበትን ቦታ በትእዛዝ ስትቀይር ይህ ሦስተኛዋ ነው። አንድ ጊዜ በዘር፣ አንድ ጊዜ በበሽታ፣ አንድ ጊዜ በበዓል ምክንያት። ከሦስቱ በአንዱም የመነሻው ጥያቄ «ለሻጩና ለገዢው የሚሻለው የት ነው?» የሚል አልነበረም።

ለከተማ መሃል ገበያ ቋሚ ቤት መሥራት ለምን እንዲህ ከባድ እንደሆነ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

ገበያ ከተማ ሲሠራ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሁለት እምብርት ነበራት። አንዱ በምሥራቅ ያለው ግቢ ነው። ሌላው በምዕራብ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚዘረጋው የአራዳ ገበያ ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈር ያዙ፤ ሕዝቡ ግን የሚገናኘው አራዳ ነበር።

ገበያው በየቀኑ ቢቆምም ትልቁ ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሱሉልታና ከሰላሌ በኩል ገበሬው ጤፉን፣ ገብሱን፣ ቅቤውንና ማሩን በአህያ ጭኖ ይወርዳል። በርበሬው፣ ጨርቁ፣ ፈረስና በቅሎው፣ የማገዶ እንጨቱ እያንዳንዱ የራሱ ተራ ነበረው። መገበያያው ጠገራ ብር ነው፣ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው። ዛሬ «በርበሬ ተራ»፣ «ሸራ ተራ» እያለ የሚጠራው የከተማው ልማድ ከዚያ የገበያ ሥርዓት የተወረሰ ነው።

አራዳ ግን የመሸጫ ቦታ ብቻ አልነበረም። ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነው። ወንጀለኛ በሕዝብ ፊት የሚቀጣው እዚያ ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ ሲመለስ የመንግሥትን ወሬም ይዞ ይመለሳል። መንግሥት ሕዝቡን ሲፈልግ ገበያ ይሄዳል፤ ሕዝቡም መንግሥትን የሚሰማው ገበያ ላይ ነው።

የገበያው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ቀረጥ ይሰበስባል፣ የነጋዴውን ክርክር ይዳኛል፣ የገበያውን ሰላም ያስከብራል። የዚህ ሹመት ክብደት የሚታወቀው አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነው። የንግድና የውጭ ጉዳይ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለአዲስ አበባው ነጋድራስ፣ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። በዚያ ዘመን ገበያውን የሚያውቅ ሰው አገርን ለመምከር ይበቃል ተብሎ ይታመን ነበር ማለት ነው።

በገበያው ዙሪያ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ከሱቁ በኋላ ሆቴሉ፣ ከሆቴሉ በኋላ መንገዱ መጣ። የአዲስ አበባ መሃል ከተማ ገበያውን ተከትሎ በቀለ እንጂ ገበያው ወደ መሃል ከተማ አልመጣም። ይህ ቅደም ተከተል መረሳት የለበትም፤ ምክንያቱም በኋላ ገበያውን ለማንሣት የሚቀርበው ክርክር ሁሉ ገበያው የሰው መሃል ከተማ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ እንግዳ የሆነ ያስመስላል።

የመጀመሪያው መነሣት

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ለከተማዋ ያወጣው ፕላን መሠረቱ ግልጽ ነበር፦ ነጭና ጥቁር አብሮ አይኖርም። ኢትዮጵያዊው በአንድ ወገን፣ ጣሊያኑ በሌላ ወገን ይሰፍራል፤ በመሃል ክፍተት ይተዋል።

እንዲህ ባለ ፕላን ውስጥ የአራዳ ገበያ ትልቅ እንቅፋት ነበር። ለአውሮፓውያን በታሰበው ሰፈር መሃል በየቅዳሜው ሺህ ገበሬና ሺህ አህያ ይሰበሰባል። ስለዚህ ገበያው ወደ ምዕራብ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ወደተሰመሩለት አዲስ ከተማ እንዲሄድ ተደረገ። ስሙም በጣሊያንኛ «የአገሬው ገበያ» ተባለ። «መርካቶ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀረ። የቀድሞው የገበያ ሰፈር ደግሞ «ፒያሳ» ሆነ። ሁለቱም ስሞች ዛሬም በአዲስ አበቤው አፍ ላይ አሉ፤ የዘር መለያየት ፕላን የተወው ቅሪት መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ወጣ። ገበያው ግን ወደ አራዳ አልተመለሰም።

ለምን? በአምስት ዓመት ውስጥ ነጋዴው መደብ ይዟል፣ ደንበኛ አፍርቷል፣ ጎጆ ቀልሷል። ቦታውም ሰፊ ነበር። ሰው በግድ የተተከለበትን ቦታ የራሱ አደረገው። ወራሪው ለመለያየት ያሰመረው መንገድ ላይ ጉራጌው፣ ሐረሬው፣ ዶርዜው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው ተቀላቅሎ ከአፍሪካ ግዙፍ የአደባባይ ገበያዎች አንዱ ተደርጎ የሚቆጠር ገበያ ሠራ። የመርካቶ ታላቅነት የፕላኑ ሳይሆን የነጋዴው ሥራ ነው።

ከዚህ የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ። ገበያን ማንሣት ቀላል ነው፤ አዋጅና ወታደር ይበቃዋል። መመለስ ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። የሚያነሣው አካል በሄደ በስንት ዓመቱም ውሳኔው ይቀራል። ስለዚህ የገበያ ቦታን የሚመለከት ውሳኔ ከሹመት ዘመን በላይ እንደሚኖር ታውቆ መወሰን አለበት።

አትክልት ተራ

ገበያው ግን ከአራዳ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ከጊዮርጊስ ሳይርቅ፣ ፒያሳ ውስጥ፣ የከተማዋን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ሙዝ የሚያከፋፍለው አትክልት ተራ ለአሥርት ዓመታት ቆየ።

አትክልት ተራ የሚኖረው በሌሊት ነው። ከተማው ሲተኛ አይሱዙዎቹ ይገባሉ፤ ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ከሻሸመኔ በኩል ድንች፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ ይዘው። ሙዙ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በላምባ ጭስ ይበስላል። ጫኝና አውራጁ በባትሪ ብርሃን ሳጥን ያራግፋል። ደላላው ዋጋ ይቆርጣል። ጎህ ሳይቀድ የጉሊት ሴቶች ይደርሳሉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሳጥን ቲማቲም ይካፈላሉ፣ ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወይም ተሸክመው ወደየሰፈራቸው ይበተናሉ። ቤተሰቡ ቁርስ ሳይበላ ሽንኩርቱ በር ላይ ደርሷል።

ይህን ማስዋብ አያስፈልግም። አትክልት ተራ ጠባብ፣ ቆሻሻና የተጨናነቀ ነበር። በቂ መጸዳጃ የለም፣ ማቀዝቀዣ መጋዘን የለም፣ የበሰበሰው መንገድ ላይ ይደፋል። ገበሬው ራሱ እዚያ መሸጥ አይችልም ነበር ማለት ይቻላል፤ በእርሱና በገዢው መካከል ደላላው ቆሟል። ማሳው ላይ በርካሽ የተገዛው ቲማቲም ጉሊት ላይ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት ኢትፍሩትን አቋቁሞ በየሰፈሩ መሸጫ ቢከፍትም የደላላውን መረብ መተካት አልቻለም።

ስለዚህ «አትክልት ተራ እንደነበረ መቆየት ነበረበት» የሚል ክርክር ለገበሬውም ለሸማቹም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከዚያ ቆሻሻ ሥር የሚሠራው ሥራ ምን ነበር? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ጅምላ ነው፤ መኪና ገብቶ ሌላ መኪና ይወጣል። ሁለተኛው ችርቻሮን መመገብ ነው፤ ካፒታሏ አንድ ሳጥን የሆነ ሴት በእግሯ ደርሳ በእግሯ የምትመለስበት ርቀት። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጠባብ ቦታ ስለተዳበሉ አንድ ነገር ይመስሉ ነበር። አንድ ግን አልነበሩም።

ሁለቱ መነሣቶች

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ፣ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአትክልት ተራ ግፊያ ውስጥ መራራቅ አይሞከርም። ገበያው ወደ ሰፊው ጃንሜዳ እንዲዛወር መደረጉ የሚያስወቅስ ውሳኔ አልነበረም። በዚያ ሰሞን የሚያስፈልገው ሰፊ ቦታ ነበር፤ ጃንሜዳ ሰፊ ነው።

ችግሩ ጊዜያዊው ሲረዝም መጣ። ጃንሜዳ ጣሪያ የለውም፣ ወለሉ ሣርና አፈር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ሜዳው ጭቃ ሆነ። ጥምቀት ደግሞ ገና በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምእመናን የበዓላቸው ሜዳ እንዲመለስ አጥብቀው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ነጋዴውም በዝናብና በጭቃ ንብረቱ እየበሰበሰ ነበርና ደስተኛ አልነበረም። ሁለት ባለመብቶች በአንድ ሜዳ ላይ ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ግን እዚያ እንዲጋጠሙ የወሰኑት እነርሱ አልነበሩም።

መፍትሔው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የተሠራው የላፍቶ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ማዕከል ሆነ። በዘመናት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አትክልት ነጋዴው ለሥራው ተብሎ የተሠራ ጣሪያና ለመኪና የሚበቃ ግቢ አገኘ። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው መኪናም መሃል ከተማ ሳይገባ ያራግፋል። ለጅምላው ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መካድ አይገባም።

ሌላኛው ሥራስ? የአራት ኪሎዋ፣ የጉለሌዋ፣ የሽሮ ሜዳዋ ጉሊት ነጋዴ አሁን ከከተማ ጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ለአንድ ሳጥን የምትከፍለው የመኪና ኪራይ ለአሥር ሳጥን ከሚከፈለው ብዙም አያንስም። ስለዚህ ወይ ዋጋ ትጨምራለች፣ ወይ ከሌላ መካከለኛ ትገዛለች፣ ወይ ሥራውን ትተወዋለች። በሦስቱም መንገድ ሂሳቡ የሚወርደው ሸማቹ ላይ ነው። ደላላውን ለማስቀረት በሚል በጎ ሐሳብ የተነሣ ገበያ፣ በርቀት ምክንያት አዲስ ደላላ ሊወልድ ይችላል።

ለዚህ ምስክሩ ከዚያ ወዲህ የመጣው የእሁድ ገበያ ነው። የከተማው አስተዳደር ራሱ በየክፍለ ከተማው መንገድ እየዘጋ፣ የገበሬ ዩኒየኖችን እየጋበዘ በሰንበት ምርት ማስሸጥ ጀመረ። እንደ ለሚ ኩራና ኮልፌ ባሉ ቦታዎችም የግብርና ምርት ማዕከላት ተሠሩ። ሰዉ ሰልፍ ይዞ ገዛ። የተነሣው ገበያ ሁለተኛ ሥራ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ገበሬና ሸማች በቅርብ ይገናኙ የሚለው ፍላጎት ከአራዳ ቅዳሜ ጀምሮ ያለ ነው፤ ቦታ ሲያጣ አስፋልት ላይም ይወጣል።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ፓሪስም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሟት ነበር። ለዘመናት የከተማዋን ሆድ የሞላው የሌ ሃል ገበያ መሃል ከተማ ነበር፤ ተጨናነቀ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጅምላው ከከተማ ውጭ ወደ ሩንጂስ ተዛወረ። ሩንጂስ ሠርቶለታል፤ ዛሬም ከዓለም ግዙፍ የምግብ ገበያዎች አንዱ ነው። መሃል ከተማው ግን ቀድሞ አልታሰበበትም። ውብ የነበሩት የብረት አዳራሾች ፈረሱ፣ ለዓመታት ትልቅ ጉድጓድ ቀረ፣ በመጨረሻም የገበያ አዳራሹን ቦታ ከመሬት በታች የተሠራ የሱቅ ማዕከል ያዘው። ፓሪሳውያን የሚቆጫቸው የጅምላው መሄድ ሳይሆን በተተወው ቦታ የሆነው ነው።

ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል ሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1907 የሽንኩርት ዋጋ በአጭር ጊዜ ውስጥ አሥር እጥፍ ያህል ናረ ይባላል። ሕዝቡ መሃል የገቡትን ነጋዴዎች ወቀሰ። ቶማስ ሬቭል የሚባል የከተማው ምክር ቤት አባል ገበሬው በቀጥታ የሚሸጥበት ቦታ ይሰጠው ብሎ አስወሰነ። ነሐሴ ላይ ጥቂት ገበሬዎች በጋሪ ፓይክ ፕሌስ በሚባለው መንገድ ሲቆሙ ሕዝቡ ጎረፈ፤ የያዙት እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጣሪያ ያለው መደብ ተሠራላቸው።

የሲያትል ታሪክም ንጹሕ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የገበያው ትልቁ ክፍል የነበሩት የጃፓን ዝርያ ያላቸው ገበሬዎች በመንግሥት ትእዛዝ ተግዘው መደባቸው ባዶ ቀረ። ገበያው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አላገገመም። በ1960ዎቹ ደግሞ «አርጅቷል» ተብሎ በቦታው ሆቴል፣ ቢሮና የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ታቀደ። ቪክተር ስታይንብሩክ የተባለው አርክቴክትና ጓደኞቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1971 ሕዝቡ ገበያው ይቆይ ብሎ ወሰነ።

ልብ መባል ያለበት ከድምፁ በኋላ የተደረገው ነው። ቦታው በሕግ ተከለለ። በ1973 ንብረቱን የሚያስተዳድር ሕዝባዊ ተቋም ተቋቋመ። ሕንፃዎቹ ታደሱ፤ በዚያው ግቢ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት፣ ክሊኒክና የሕፃናት መዋያ ተካተተ። በገበሬው መደብ ላይ የሚሸጠው አምራቹ ነው የሚል ደንብ ጸና። ገበያውን ቋሚ ያደረገው ሲሚንቶ አልነበረም፤ ማን ሊያነሣው እንደማይችል የሚናገር ሕግ ነው።

ቋሚ ቤት ማለት

እነዚህ ታሪኮች ሲደመሩ ለአዲስ አበባ የሚሉት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ጅምላና ችርቻሮ ሁለት ቤት ይፈልጋሉ። የኃይሌ ጋርመንቱ ለአንዱ በቂ ነው። ለሌላው ደግሞ መሃል ከተማ፣ አውቶቡስና ባቡር በሚደርስበት ቦታ፣ ጣሪያ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ቆሻሻ ማስወገጃ ያለው መጠነኛ የገበሬና የጉሊት ገበያ ያስፈልጋል። ፒያሳ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተቀይሯል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚህ ሁሉ አዲስ ግንባታ መካከል ከተማዋን ለወለደው ገበያ መታሰቢያ ይሁን እንኳ ቢባል አንድ ጣሪያ መስጠት ብዙ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የእሁድ ገበያ ከመንገድ ላይ ወደ ሕግ መግባት አለበት። አስፋልት ላይ ያለ ገበያ በአንድ ደብዳቤ ይነሣል። ገበሬው ለከርሞ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው የሚሸጥበት ቦታ ለከርሞም እንደሚኖር ሲያምን ነው። ቲማቲም ለመብቀል ወራት ይፈልጋል፤ ለመበስበስ ቀናት ይበቁታል። በዚህ ሂሳብ የሚኖር ሰው እርግጠኛ ያልሆነ ገበያ አያዋጣውም።

ሦስተኛ፣ ሻጩ በውሳኔው ውስጥ ይኑር። በጥንቱ ሥርዓት ነጋድራሱ ገበያውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የነጋዴው አቤቱታ የሚሰማውም እዚያው ነው። ዛሬ የገበያውን ቦታ በሚወስነው ስብሰባ ላይ የዩኒየኑ ገበሬ፣ የጫኝና አውራጁ ማኅበር፣ የጉሊቷ እናት ወንበር ሊኖራቸው ይገባል። እነርሱ ቢጠየቁ ኖሮ ሐምሌ ጃንሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን ከማንም በፊት ይናገሩ ነበር።

ብልጥና ንቁ የከተማ ልጅ ዛሬም «አራዳ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከዚያ ገበያ ነው፤ ሰው ከሩቅ መጥቶ ዋጋ መጠየቅን፣ መከራከርን፣ ከማያውቀው ሰው ጋር መስማማትን የተማረበት ቦታ ነበርና። ገበያው ከሄደ ዘመናት አልፈውታል፤ ቃሉ ግን አልተነሣም። የጉሊቷ እናትም ከአራዳ ባትሆን፣ ዛሬ ሌሊት ኃይሌ ጋርመንት አንድ ሳጥን ቲማቲም አጠገብ ቆማ የመኪናውን ኪራይ እያሰላች ነው። ከተማዋ ለሚቀጥለው ገበያ ቦታ ስትመርጥ ያን ሂሳብ አብራት ብትሠራው መልካም ነው።